ድንኳኑ ሳይተከል
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ሐኪም አይደለንም። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረን ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ጡረተኛ ነን። ዛሬ ስለ ጡት ካንሰር እንድንናገር ያነሣሣን ግን የእድሩ መዝገብ ነው። አምና የቀበርናት ጎረቤታችን ስም ላይ ስንደርስ ብዕራችን ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡቷ ቀላ፣ አበጠ፣ ተኮሰ። በእጅ ሲዳሰስ ጠጠር የሚል ነገር የለውም። እኛም ጭምር «ምች ነው» አልን፤ ዳማከሴ ታሸላት። ከአንድ ጤና ጣቢያ ክኒን ተሰጣት፤ መቅላቱ አልለቀቀም። እሷም «ይሻለኛል» እያለች ወራት አለፉ። ወደ ትልቅ ሐኪም ቤት ስትደርስ በሽታው ሌላ አካል ነክቶ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ነርስ የሆነችውን የወንድማችንን ልጅ ጠየቅናት። «ጋሼ፣ ይኼ እንደ ቁስል የሚያቃጥለው የጡት ካንሰር ነው፤ ብዙ ጊዜ ጓጉሎ አይዳሰስም» አለችን። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎድጎድ ይላል፤ በሳምንታት ውስጥም ይስፋፋል። በአሜሪካ ከመቶ የጡት ካንሰር ከ1 እስከ 5 የሚሆነው ብቻ ይህ ዓይነት ነው። ብርቅ ስለሆነ ያታልላል።

ታዲያ ምን ያሳድገዋል? እኛ በሚገባን ቋንቋ እንናገረው። በመዝገብ ቤት ደብዳቤ የሚቀበል መስኮት አለ። የሰውነታችን ሴልም በገላው ላይ እንዲሁ ተቀባይ አለው፤ «እደግ፣ ተባዛ» የሚል መልእክት በዚያ ይገባል። የእድገት መልእክተኞችን ያገኙት ስታንሊ ኮኸንና ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ በ1986 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከተቀባዮቹ አንዱ ሄር ቱ ይባላል። በጤነኛ ሴል ላይ ጥቂት ነው። ከመቶ የጡት ካንሰር ከ15 እስከ 20 በሚሆነው ላይ ግን ከልክ በላይ ይበዛል፤ በዚያ በሚያቀላው ዓይነት ላይ ደግሞ ይበልጥ ያዘወትራል። መስኮቶቹ ሲበዙ ደብዳቤ ሳይመጣ እንኳ እርስ በርሳቸው «እደግ» ይባባላሉ።

በ1987 ዶክተር ዴኒስ ስላመንና ባልደረቦቹ ሄር ቱ የበዛበት ካንሰር እንደሚከፋ አስታወቁ። በ1998 ያንን መስኮት የሚዘጋ ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ከአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

ነገር ግን ሁሉም ካንሰር አንድ መስኮት የለውም። ሜታፕላስቲክ የተባለው፣ ከመቶ አንድ የማይሞላው ዓይነት፣ ብዙውን ጊዜ ሄር ቱ አይበዛበትም፤ የሆርሞን ተቀባይም የለውም። ወንዶችም፣ አትሳቁ፣ ይህ በሽታ ይይዘናል፤ ከመቶ ታማሚ አንዱ ያህል ወንድ ነው። የወንዱ አብዛኛውን ጊዜ የሆርሞን ተቀባይ ስላለው ታሞክሲፈን የተባለው ክኒን ይረዳዋል። ስለዚህ ስሙ አንድ፣ መድኃኒቱ ልዩ ልዩ ነው። የሚለየው ከጡቱ ናሙና ተወስዶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ውጤቱ ከ0 እስከ 3 ይጻፋል፤ 3 ከሆነ ሄር ቱ በዝቷል ማለት ነው፤ 2 ከሆነ ሌላ ምርመራ ይጨመራል።

እንግዲህ ወደ ጉዳያችን። ያቺ ጎረቤታችን ቀድማ ብትሄድ ትድን ነበር ብለን አንምልም። ግን ናሙናዋ በጊዜ ቢታይ ኖሮ የሚሞከርላት ነገር ይኖር ነበር። እድራችን ለቀብሯ ድንኳን ተከለ፣ ንፍሮ ቀቀለ፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ ቆጥሮ ሰጠ። ለምርመራ ስትቸገር ግን አንድ ሳንቲም አላወጣንም፤ ደንባችን አይፈቅድማ!

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ጡቱ ቀልቶ ወይም አብጦ በመድኃኒት በአንድ ሁለት ሳምንት ያልተሻለው ሰው፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ቶሎ ወደ ሐኪም ተመልሶ «ናሙና ይወሰድልኝ፣ ተቀባዩም ይታይልኝ» ይበል። ሁለተኛ፣ ለቀብር ከምንሰጠው ገንዘብ ከፊሉ አባሉ በሕይወት ሳለ ለምርመራ እንዲሰጥ ደንቡ ይሻሻል። «ካዝናው ይራቆታል» የሚል ይኖራል። የሚሰጠው ያው ገንዘብ ነው፤ ቀኑ ብቻ ይቀደማል።

መዝገባችን ላይ የሟች ስም ብቻ ሳይሆን የዳነም ስም እንድንጽፍ ፈጣሪ ይርዳን።