ሦስት ደቂቃ ስንት ታወጣለች?

በአውሮፓ ዋናው የባቡር ሰሌዳ ለውጥ የሚደረገው በፈረንጆቹ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ነው። ለውጡ ብዙ ጊዜ የጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለማን ከባድ ይሆናል ትሉ ይሆናል። ባቡር ቀይሮ ለሚጓዝ ሰው!

ለመሻገሪያ 5 ደቂቃ የነበረው መንገደኛ እንውሰድ። የመጀመሪያው ባቡር 3 ደቂቃ ዘግይቶ እንዲገባ ሲወሰን 2 ብቻ ይቀረዋል። ደረጃ ወርዶ፣ ደረጃ ወጥቶ ሲደርስ በሩ ተዘግቷል። ቀጣዩ በየግማሽ ሰዓቱ የሚመጣ ከሆነ፣ ያቺ 3 ደቂቃ ግማሽ ሰዓት አስከፈለችው ማለት ነው።

ስዊዘርላንዶች ሰሌዳቸውን የሚሠሩት ከዚህ መሻገሪያ ተነሥተው ነው። በፈረንጆቹ ከ1982 ጀምሮ ባቡሮቻቸው በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ ይነሣሉ። በ2004 በዙሪክና በበርን መካከል አዲስ ሐዲድ ሲከፈት ጉዞው ወደ 56 ደቂቃ ወረደ። ለምን 56? በትልልቆቹ ጣቢያዎች ባቡሮቹ ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከየአቅጣጫው ይገባሉ፤ ሰዉ ይሻገራል፤ ሰዓቱ ጥቂት አለፍ ሲል ተከታትለው ይወጣሉ። ስለዚህ ከአንድ ሰዓት በታች መሆኑ ይበቃል። ከዚያ በላይ መፍጠን ባቡር ለሚቀይረው ሰው ጣቢያ ቆሞ መጠበቅን ብቻ ይጨምርበታል፤ እኔን የገረመኝም ይኸው ነው።

እንዲህ የተሳሰረ ሰሌዳ ግን አንዱ ክር ሲነካ ሌላውም ይናጋል። እንግሊዝ በሜይ 2018 ብዙ መስመር በአንድ ጊዜ ስትለውጥ፣ አሽከርካሪዎቹ አዲሱን መንገድ ለመለማመድ ጊዜ አልበቃቸውም፤ በቴምስሊንክና በኖርዘርን መስመሮች ባቡሮች በገፍ ተሰረዙ።