ሽጉጥ ይዞ ወደ ትምህርት ክፍል ስለ መግባት
(በማኅበራችን የክርክር ምሽት የተሰማ ንግግር)



ለዛሬ ማታ የቀረበልን ጥያቄ፥ የጦር መሣሪያን በሕግ መቆጣጠር የሰላማዊውን ሰው ነፍስ ያድናል ወይስ መከላከያውን ይቀማዋል የሚል ነው። ጥያቄው ሰፊ ስለ ሆነ እኛ አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ይዘን እንናገራለን፤ ይኸውም በአሜሪካ አገር በኦስቲን ከተማ ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 1 ቀን 1966 ቀድሞ በማሪን ጦር ያገለገለ አንድ የምህንድስና ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ግንብ ላይ ወጥቶ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በመንገደኛው ላይ ተኮሰ። ከደርዘን በላይ ሰዎች ገደለ፤ ከ30 በላይ አቆሰለ። ከያዛቸው መሣሪያዎች ሁለቱን በዚያው ጧት ከሱቅ ነበር የገዛቸው።

ቁጥጥርን የሚቃወሙት ወገኖች ከዚህ ታሪክ የሚያነሡት ሌላውን ነው። ተማሪዎችና የከተማው ሰዎች የአደን ጠመንጃቸውን ከቤት አምጥተው ከታች ስለ ተኮሱበት አንገቱን ለመድፋት ተገደደ ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ልንክደው አይገባንም። ነገር ግን ግንቡ ላይ ወጥተው የገደሉት ፖሊሶች ከታች ከሚመጣውም ጥይት ራሳቸውን መጠበቅ ነበረባቸው። ከመንገድ ዳር የሚተኩስ ሰው እላይ ብቅ ያለው ራስ የማን እንደ ሆነ በምን ይለያል?

በ2007 በቨርጂኒያ ቴክ 32 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፥ ከተማሪዎቹ አንዱ እንኳ ሽጉጥ ቢኖረው ኖሮ የሚለው ድምፅ በረታ። ቴክሳስም በ2015 ባወጣችው ሕግ፥ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን ሸሽጎ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ እንዲገባ ፈቀደች። ሕጉ የጸናው ኦገስት 1 ቀን 2016 ነው፤ የግንቡ ሟቾች 50ኛ ሙት ዓመት በዋለበት ዕለት!

ሦስት መምህራን ከሰሱ። ብርቱ ክርክር በሚነሣበት ክፍል ማን እንደ ታጠቀ ሳይታወቅ በነጻነት መናገር አይቻልም አሉ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2018፥ ፍርሃታችሁ ሌሎች ምናልባት ያደርጉት ይሆናል በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው ብሎ አልተቀበላቸውም።

ለዳኞች ግምት ይሁን። እኛ ግን ጠመንጃ የወንድ ጌጥ በሆነበት አገር ያደግን ነንና፥ የታጠቀ ሰው በተቀመጠበት ጉባኤ ቃሉን የማይመጥን እንደሌለ እናውቃለን። ባለ ፈቃዶቹ ሠልጥነው የተመዘገቡ ጨዋ ሰዎች ናቸው ይሉናል። ብዙዎቹ እንደዚያው ይሆናሉ፤ ዝምታው ግን የሚጀምረው ገና ጥይት ሳይተኮስ ነው። ተማሪ በጓደኛው ሐሳብ ላይ «ተሳስተሃል» ለማለት፥ መምህርም የወደቀውን ወድቀሃል ለማለት ካመነታ፥ ትምህርቱ ምን ሊሆን ነው?

ከዚህም በላይ የዩኒቨርሲቲው ደንብ መምህሩ በግል ቢሮው ሽጉጥ እንዳይገባ በቃል እንዲከለክል ፈቅዶለታል፤ በሚያስተምርበት ክፍል ግን አልፈቀደለትም። በተቃራኒው ወገን ያሉት ጓደኞቻችን ተራቸው ሲደርስ ይህን እንዲመልሱልን እንጠይቃለን፤ አንድ መምህር ከአንድ ተማሪ ጋር ሲነጋገር የሚያሰጋው ሽጉጥ፥ ስልሳ ተማሪ በተሰበሰበበት እንዴት አያሰጋም?