የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ለመሆኑ የኮሎምበስ በዓል የማን በዓል ነው?

(ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የወጣቶች የውይይት ክበብ ላይ የቀረበ ንግግር ነው፡፡ ለጋዜጣ እንዲመች በመጠኑ አሳጥረነዋል፡፡)



ሁላችንም ተማሪ ቤት ሳለን የተጠየቅናት አንዲት ጥያቄ አለች፡፡ «አሜሪካን ያገኘ ማን ነው?» አንዱ እጁን ያወጣና «ክሪስቶፎር ኮሎምበስ!» ይላል፡፡ «ጎበዝ! አጨብጭቡለት!» ይባላል፤ ይጨበጨባል፡፡ እኔም በዚህች ጥያቄ ተጨብጭቦልኛል፡፡ ያን ጊዜ «እዚያ አገር ሰው አልነበረም እንዴ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ግን አላስታውስም፡፡

ይህን ለመጠየቅ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም ነበር፡፡ ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ አገኘሁ ብሎ ለአውሮፓ አወራ፡፡ «የለም፣ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1618 ቀድሞታል» የሚሉ ተነሱ፡፡ ሁለቱ ፈረንጆች ማን ቀደመ እየተባለ ብዙ ቀለም ፈሰሰ፡፡ ከብቱን እዚያ የሚያሰማራው፣ ከምንጩ ጠበል የሚጠመቀው የሰከላ ገበሬ ግን በክርክሩ ውስጥ የለም! ለእሱ ዓባይ አንድም ቀን ጠፍቶበት አያውቅም፡፡ እንግዲህ «ማግኘት» የሚሉት ነገር እንዲህ ያለ ነው፡፡

ብሩስስ ይሁን፤ አይቶ ተመለሰ፡፡ ኮሎምበስ ግን አይቶ ብቻ አልተመለሰም፡፡ የዛሬው ነገሬም ይኸው ነው፡፡

በአሜሪካ የኦክቶበር ወር ሁለተኛው ሰኞ በሕግ የኮሎምበስ ቀን ነው፡፡ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ፖስታ አይታደልም፡፡ ዋሽንግተን ከተማ ዩኒየን ስቴሽን ከሚባለው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት እ.ኤ.አ. በ1912 የተመረቀ ትልቅ የኮሎምበስ ሐውልት ቆሟል፡፡ ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ከባቡር የሚወርደውን መንገደኛ የሚጠብቁት እዚያው አካባቢ ነው፡፡ የዋሽንግተን ከተማ ምክር ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ይህንኑ ቀን «የነባር ሕዝቦች ቀን» እንዲባል ወሰነ፡፡ እንግዲህ አስቡት! በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰኞ፣ የፌዴራሉ ሠራተኛ በኮሎምበስ ስም ያርፋል፤ የከተማው ሠራተኛ ደግሞ ኮሎምበስ በደረሰባቸው ሕዝቦች ስም ያርፋል፡፡ የእኛ ታክሲ ነጂ ልጅ «አባዬ፣ ዛሬ የማን በዓል ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አባት ምን ይመልስ?

መልሱን ለማግኘት ሰውየውን እንወቀው፡፡

ኮሎምበስ የጄኖዋ ሰው ነው፡፡ የስፔን ነገሥታት፣ ፈርዲናንድና ኢዛቤላ፣ ስንቅና መርከብ ሰጥተውት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 1492 ዛሬ ባሃማስ ከምንላቸው ደሴቶች ባንዷ ላይ ወረደ፡፡ የአገሩ ሰዎች ጓናሃኒ ይሏታል፤ እሱ ወዲያው ሳን ሳልቫዶር ብሎ ስም አወጣላት፡፡ ባለቤት እያለ በሰው ቤት ስም ማውጣት ከዚያ ቀን ጀመረ፡፡ ሕንድ የደረሰ መስሎትም ሰዎቹን «ሕንዶች» አላቸው፡፡ የሚገርመው የእሱ ስህተት እኛም አማርኛ ድረስ ገብታ «ቀይ ሕንዶች» ስንል መኖራችን ነው፡፡

የተቀበሉት ታይኖ የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ፡፡ በእንግድነት ተቀበሉት፤ ምግብ ሰጡት፡፡ እሱም በዕለት ማስታወሻው ደግነታቸውን መሰከረላቸው፡፡ በዚያው ማስታወሻ ግን ጥሩ አገልጋይ እንደሚወጣቸውና በሃምሳ ሰው ሁሉንም ማስገበር እንደሚቻል ጻፈ፡፡ ልብ በሉ፣ ይህን የጻፈው ጠላቱ አይደለም፤ ራሱ ነው!

ያሰበውንም አልተወውም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1495 ሂስፓኒዮላ ከምትባለው ደሴት፣ ማለትም ዛሬ ሃይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ካሉባት፣ ከሺህ በላይ ሰው አስይዞ 550 የሚያህሉትን በመርከብ ጭኖ ለባርነት ወደ ስፔን ላከ፡፡ 200 ያህሉ መንገድ ላይ ሞተው ባሕር ተጣሉ፡፡ ለቀሩት ደግሞ ግብር ተጣለባቸው፤ ወርቅ በሚገኝበት አገር ዕድሜው 14 የሞላ ሁሉ በየሦስት ወሩ የተለካ ወርቅ እንዲያስገባ ታዘዘ፡፡ ታይኖዎቹ መጀመሪያ ስንት እንደነበሩ ምሁራን ዛሬም ይከራከሩበታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1514 ስፔኖች ራሳቸው በደሴቲቱ ሲቆጥሩ ግን ያገኙት ከ30 ሺህ ያነሰ ሰው ነው፡፡ ጉልበቱ ሲያንስ በምትኩ የተጫነው ማን ነው? የአፍሪካ ልጅ ነው!

እዚህ ላይ ለእውነት ስንል አንድ ነገር እንመን፡፡ ከሰይፍና ከወርቅ ቁፋሮ ይልቅ ብዙ ሰው የጨረሰው ከአውሮፓ የመጣው በሽታ ነው፡፡ በሽታውን ኮሎምበስ አስቦ አላመጣውም፡፡ ሰው አስሮ መሸጡን ግን አስቦ ነው ያደረገው፡፡ እኛም የምንጠይቀው በዚህኛው ነው፡፡

አሁን ወደ ተከራካሪዎቹ እንምጣ፡፡ በዓሉ ይቀጥል የሚሉ ወገኖች ሦስት ነገር ያነሳሉ፡፡ ሦስቱም ዝም ብለው የሚናቁ አይደሉም፡፡

አንደኛው «ሰውን በዘመኑ መዝኑት» የሚል ነው፡፡ እሺ፣ በዘመኑ እንመዝነው! እ.ኤ.አ. በ1500 የስፔን ነገሥታት ፍራንሲስኮ ደ ቦባዲያ የሚባል ሹም ልከው የኮሎምበስን አስተዳደር አስመረመሩ፡፡ ሹሙም ኮሎምበስን በእግረ ሙቅ አስሮ ወደ ስፔን ሰደደው፡፡ በኋላ ነገሥታቱ ፈቱት፤ የገዥነት ሥልጣኑን ግን አልመለሱለትም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1511 ደግሞ አንቶንዮ ደ ሞንቴሲኖስ የሚባል መነኩሴ እዚያው ሂስፓኒዮላ ላይ፣ ባለርስቶቹ ስፔኖች በተቀመጡበት፣ ከቤተ ክርስቲያን አትሮንስ ላይ ቆሞ ግፋቸውን በፊታቸው ዘረገፈው፡፡ ባርቶሎሜ ደ ላስ ካሳስም የራሱ ሎሌዎች ነበሩት፤ በኋላ እነሱን ለቆ ዕድሜውን ሙሉ ለነዚያ ሕዝቦች ተከራከረ፡፡ ታዲያ ዘመኑ ግፍን ግፍ ብሎ የሚጠራ ሰው አልነበረውም ማን አለ? ደግሞስ ታይኖዎቹ የዚያ ዘመን ሰዎች አልነበሩም? ወይስ «ዘመኑ» ሲባል የገዳዩ ዘመን ብቻ ነው?

ሁለተኛው ክርክር ይከብዳል፤ እኔንም ቆም አድርጎ ያሳሰበኝ እሱ ነው፡፡ ይህን በዓል ለአሜሪካ የሰጧት ጌቶች ብቻ አይደሉም፤ የተገፉ ሰዎችም አሉበት፡፡ እኛ አድዋ ላይ ከጣሊያን ጦር ጋር ከመግጠማችን አምስት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1891፣ ኒው ኦርሊየንስ ከተማ ውስጥ ግርግር ያስነሳ ሕዝብ እስር ቤት ሰብሮ ገብቶ 11 ጣሊያኖችን ገደለ፡፡ የፖሊስ አዛዥ ገድላችኋል ተብለው የታሰሩ ነበሩ፤ ከነሱም ውስጥ ፍርድ ቤት ነፃ ያላቸው ይገኙባቸዋል፡፡ የጣሊያን መንግሥት ተቆጣ፤ አሜሪካ በኋላ ካሳ ከፈለች፡፡ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1892፣ ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን የኮሎምበስ 400ኛ ዓመት በመላው አገሪቱ እንዲከበር አወጁ፡፡ እንደ መጤና እንደ ወንበዴ ይታይ የነበረው ድሃ ጣሊያናዊ ስደተኛ «አገሪቱን የጀመራት የእኛ ሰው ነው» ብሎ ቀና የሚልበት ቀን አገኘ፡፡ ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ1907 በክፍለ ግዛት ደረጃ ቀዳሚ ሆና በዓል አደረገችው፤ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው ሕግም ከ1971 ጀምሮ የፌዴራል በዓል አደረገው፡፡

ስደት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይስቅም፡፡ የኛም ልጆች በባዕድ አገር ቀና የሚሉበትን ነገር ይፈልጋሉ፡፡ ነገር ግን ለተገፋው ጣሊያናዊ ክብር ሲባል የተገፋውን ነባር ሕዝብ ቁስል መርገጥ ምን ዓይነት ፍትሕ ነው? የ11ዱ ሟቾች መታሰቢያ ለምን ራሱን ችሎ አይቆምም? ጣሊያኖች መንገድ የሠሩ፣ ሐዲድ የዘረጉ፣ ማዕድን የቆፈሩ አያቶች አሏቸው፡፡ አሜሪካን የሠሩት እነሱ ናቸው እንጂ ዛሬ ዩናይትድ ስቴትስ የምትባለውን ዋና ምድር አንድም ቀን ያልረገጠው ኮሎምበስ አይደለም፡፡

ሦስተኛው «በዓሉን መሰረዝ ታሪክን መደምሰስ ነው» የሚል ነው፡፡ ይህ ሁለት ነገር ማምታታት ነው፡፡ ታሪክ ይማሩታል፤ በዓል ያከብሩታል፡፡ ኮሎምበስ ከመማሪያ መጽሐፍ ይውጣ ያለ አዋቂ የለም፡፡ እንዲያውም ከነሙሉ ሥራው ይግባ ነው የሚባለው! በዓል ግን ሌላ ነው፡፡ በዓል ማለት መንግሥት ዜጎቹን ሁሉ «ይህን ሰው አመስግኑ» ሲል ነው፡፡ አያቶቹ የተሸጡበትን ሰው «ቆመህ አመስግን» ማለት ከስድብም ያለፈ ነው፡፡

የኛ ሰው ይህን በሥጋው ያውቀዋል፡፡ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ስንት ሰው እንዳለቀ ለናንተ አልነግርም፤ 6 ኪሎ የቆመው ሐውልት ይናገራል፡፡ ያን ፍጅት ያስፈጸመው የግራዚያኒ መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. አፊሌ በምትባል የጣሊያን ትንሽ ከተማ፣ ያውም በሕዝብ ገንዘብ፣ ተሠርቶ ተመረቀ፡፡ ያን ጊዜ ያንገበገበን ምን ነበር? ግራዚያኒ በታሪክ መጽሐፍ መጻፉ ነው? አይደለም! መከበሩ ነው፡፡ እኛን ደግሞ ድርብ ሐዘን ገጠመን፤ መጋቢት 2005 ዓ.ም. ይህን ለመቃወም እዚሁ አዲስ አበባ አደባባይ የወጡ ሰዎች በገዛ አገራቸው ፖሊስ ተይዘው ታሰሩ፡፡ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የተወጋውን «አትጩኽ» የሚል ሲጨመርበት ግን ለዚህ ተረት እንኳ አልተገኘለትም፡፡

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፡፡ በዓልን ማን ይሽረው? ማንስ ይትከለው? የአሜሪካው ነገር ትምህርት አለው፡፡ በኮሎምበስ ፈንታ የነባር ሕዝቦች ቀን ይከበር የሚለው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1977 ጄኔቭ ላይ በተደረገ ጉባኤ ተነሳ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1992 የካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ ተቀበለችው፡፡ ከዚያ ከተማ በከተማ፣ ምክር ቤት በምክር ቤት፣ እየተከራከሩ ሄዱ፤ በ2019 ሜይን፣ ቨርሞንትና ኒው ሜክሲኮ በሕግ ለወጡት፡፡ በፕሬዚዳንቶቹ ወንበር ላይ ግን ነገሩ ይወዛወዛል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2021 ፕሬዚዳንት ባይደን ለሁለቱም በዓል በየፊናው አዋጅ አወጡ፤ በ2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ኮሎምበስን ብቻ የሚያወድስ አዋጅ ፈረሙ፡፡ አዋጅ የፈረመ እጅ ሲሄድ አዋጁም ይሄዳል፡፡ ሕዝብ ተከራክሮ፣ ድምፅ ሰጥቶ የለወጠው ግን ሥር ይይዛል፡፡

ይህንንስ ከኛ በላይ ማን ያውቃል? ሚያዝያ 27 የድል ቀናችን ነበር፤ ደርግ «የንጉሡ መግቢያ ቀን ነው» ብሎ ወደ መጋቢት 28 ወሰደው፡፡ ደርግ ሲወድቅ ሚያዝያ 27 ተመለሰ፡፡ መስከረም 2 የአብዮት ቀን ነበር፤ ቀረና በፈንታው ግንቦት 20 መጣ፡፡ አርበኛው ግን ያው አንድ አርበኛ ነው፤ «የትኛውን ቀን ልልበስ?» ብሎ ሜዳሊያውን ይዞ ግራ የተጋባው እሱ ነው፡፡ ባለወንበሩ ሁሉ የቀን መቁጠሪያ ሲያርም ባለቤቱን ጠርቶ የጠየቀ አልነበረም፡፡

ስለዚህ የኔ አቋም ይህ ነው፡፡ የኮሎምበስ በዓል መቅረት አለበት፡፡ ሲቀር ግን በሌሊት በሚፈረም ወረቀት ወይም በ2020 በባልቲሞር እንደታየው ሐውልት ገንድሶ ባሕር በመክተት ብቻ ሳይሆን በአደባባይ ክርክር መሆን አለበት፤ ጣሊያናዊውም ነባሩም እየተሰማ፡፡ ይቻላል ወይ? ይቻላል! ምስክሯ ኮሎምበስ መጀመሪያ የረገጣት ባሃማስ ናት፡፡ ባሃማስ «የግኝት ቀን» ብላ ታከብረው የነበረውን በዓል ትታ ከ2013 ጀምሮ በዚያው ኦክቶበር ወር «የብሔራዊ ጀግኖች ቀን» ታከብራለች፡፡ ሰማይ አልተደፋም፤ ታሪክም አልተደመሰሰም፡፡ «ተገኘች» የተባለችው አገር «እኔ ጠፍቼ አላውቅም» አለች፤ አለቀ፡፡

ለልጆቻችንም ጥያቄውን እንለውጥላቸው፡፡ «አሜሪካን ያገኘ ማን ነው?» መባሉ ይቅርና «ኮሎምበስ ሲደርስ እነማን ተቀበሉት? ኋላስ ምን ሆኑ?» እንበላቸው፡፡ ያን የመለሰ ልጅ ሲገኝ እኔም ተነስቼ አጨበጭብለታለሁ፡፡