በርበሬና የፀሐይ ብርሃን በሀብሩ፦ የዳስና የውሃ ተራ ጉዳይ



ከወልድያ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ የበርበሬ ማሳ ሲያይ፥ ይህ ተክል ብርሃን አንሶት ይሆን ብሎ አይጠይቅም። እውነትም አላነሰውም። ሀብሩ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ግድም ላይ የሚገኝ አገር ስለሆነ፥ በዓመቱ ረጅም ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። በበጋ ሰማዩ በጠራ ቀን አንድ ካሬ ሜትር መሬት ከ20 ሜጋ ጁል የማያንስ የፀሐይ ኃይል ይቀበላል። አንዱ ሜጋ ጁል ቅጠል ለምግብ ዝግጅት በሚጠቀምበት ብርሃን ሲመነዘር 2 ሞል ያህል ስለሚሆን፥ የቀኑ ድምር ከ40 ሞል በላይ ነው ማለት ነው። ፍሬ የያዘ በርበሬ ግን በቀን ከ20 እስከ 30 ሞል ቢያገኝ ይበቃዋል፤ ችግኝ ደግሞ በዚሁ ግማሽ ያድጋል።

እንግዲህ ጥያቄው ትርፉን ብርሃን መቼ፥ ከየትኛው የተክሉ ክፍል ላይ፥ በምን ዘዴ መከላከል ይገባል የሚል ይሆናል። ለገበሬው የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ መደብ አዘጋጅ፥ ሣር ጎዝጉዝ፥ በአንድ ሜትር ከፍታ ዳስ ጣል፥ ከዚያም ችግኙን አዛምት። ምክሩ ስሕተት የለበትም። ሆኖም በሀብሩ በርበሬ በዓመት በሁለት የተለያዩ መንገዶች ይመረታል፤ የሁለቱም የብርሃን ጉዞ ተቃራኒ ነው።

የክረምቱ በርበሬ መደብ ላይ የሚበቅለው በግንቦትና በሰኔ ነው። ፀሐይ በዚያ ኬክሮስ ላይ በሚያዝያ አጋማሽ በእኩለ ቀን ከአናት ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ከዚያም ወደ ሰሜን አልፋ በነሐሴ አጋማሽ በድጋሚ ከአናት ላይ ትደርሳለች። በመካከሉ ባሉት ወራት የእኩለ ቀን ጥላ የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው። ይህን ያልተገነዘበ ሰው የዳሱን ዝቅተኛ ጎን እንደ በጋው ወደ ደቡብ አድርጎ ይሠራና፥ ከሰሜን የሚገባው ፀሐይ ችግኙን ሲያጠወልገው ምክንያቱን በዘሩ ያሳብባል። በዚህ ወቅት ዳስ ግዴታ ነው። ነገር ግን ችግኙ የሚዛመተው በሐምሌ ደመና ሥር ስለሆነ፥ ዳሱ እየሳሳ ካልሄደ ተክሉ ከጥላ ወጥቶ ሌላ ጥላ ውስጥ ይገባል። ቀጥኖ ይረዝማል፥ ግንዱ ይሰላል፥ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብም ይጥለዋል። ችግኝ ለመዛመት እስኪደርስ ከ45 እስከ 60 ቀን ይፈጃል፤ በዚያን ጊዜ የሞተበት ገበሬ ዘር ቢያገኝ እንኳ የክረምቱን ቀናት መልሶ የሚያገኝበት ገበያ የለም።

የመስኖው በርበሬ ነገር ሌላ ነው። መደቡ በጥቅምትና በኅዳር ሲዘጋጅ ፀሐይ ወደ ደቡብ ያዘነበለችና ለዘብ ያለች ናት፤ በታኅሣሥ በእኩለ ቀን ከፍታዋ 55 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። በስተምዕራብ የተደረደረው ተራራም ከሰዓት በኋላውን ያሳጥረዋል። ስለዚህ ወፍራም ዳስ እዚህ ትርፍ ነው፤ ዘሩ እስኪበቅል ጉዝጓዙ፥ ከዚያ በኋላ ሳሳ ያለ ሽፋን ይበቃል። አደጋው የሚመጣው ዛላው ከተንጠለጠለ በኋላ በመጋቢትና በሚያዝያ፥ ፀሐይዋ ወደ አናት ስትቃረብና ሙቀቱ ሲያይል ነው። ቅጠል ያልሸፈነው ዛላ በፀሐይ በኩል ያለው ጎኑ ነጥቶ እንደ ወረቀት ይሳሳል፤ ሻጋታም ይገባበታል። ሙቀትና ብርሃን አብረው የሚበረቱት ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ስለሆነ በይበልጥ የሚጎዳው ወደ ምዕራብ የዞረው ጎን ነው።

የጥላ መረብ ይገዛ የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት በተደረገ ሙከራ ከብርሃኑ 35 በመቶ ያህሉን የሚከለክል መረብ ለበርበሬ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከላይ የተጠቀሰው ስሌትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሆኖም ያው መረብ በሐምሌ ሳይነሣ ከቀረ፥ ደመናው የቀነሰውን ብርሃን እንደገና ቀንሶ አበባ ያስረግፋል። ደግሞስ መረብ ከመግዛት በፊት ተክሉ ራሱ ይዞት የተፈጠረው ጥላ አለ፤ ቅጠሉ። በመስመር መካከል 70፥ በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ተጠብቆ ክፍተት ሳይኖር የተተከለ ማሳ፥ ዛላውን በራሱ ቅጠል ይሸፍናል። ችግኝ በሞተበት ቦታ ተተኪ ያልተተከለ እንደሆነ፥ የሚቃጠለው ከክፍተቱ ዳር ያለው ተክል ነው። በማሳው ምዕራብ በኩል የሚዘራ የማሽላ ወይም የበቆሎ መስመርም ያለ ወጪ የከሰዓቱን ፀሐይ ይቀንሳል። ማንጎ ሥር መትከል ግን አይመከርም፤ ጥላው ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ተክሉ ቅጠል እንጂ ዛላ አይሰጥም።

ጉዳዩ ለመሐንዲስ የሚቀርበው እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ ዛላውን የሚሸፍነው ውሃ ሲኖረው ብቻ ነው። በቆቦና በጊራና ሸለቆ በመሰሉ የመስኖ አካባቢዎች የውሃ ተራ ሲወጣ የሚታየው የቦዩ ፍሰት፥ የማሳው ስፋትና የተጠቃሚው ብዛት ነው፤ ይህም ትክክል ነው። ተራው ግን ለበርበሬው በሁለትና በሦስት ቀን ቢዘገይ፥ ቅጠሉ በእኩለ ቀን ይጠወልግና ወደ ታች ይታጠፋል፤ ተሸፍኖ የኖረው ዛላም ባልለመደው ፀሐይ ፊት በአንድ ጊዜ ይገለጣል። ማታ ቅጠሉ ቀና ስለሚል ገበሬው ተክሉ ዳነ ይላል። ቃጠሎው የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ከውሃው ተራ ጋር የሚያያይዘው ሰው አይገኝም፤ በሽታ ነው ተብሎ መድኃኒት ይረጫል። ዛላ በያዘበት ወር ለበርበሬ ማሳ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ የሚደርስ ተራ ቢመደብ፥ መጠኑ ሳይጨመር ያው ውሃ ለጥላነትም ያገለግላል።

ሌላው ጉድለት መለካት አለመቻሉ ነው። ሳሳ ያለ ዳስ ሲባል አንዱ አንድ እስር፥ ሌላው አራት እስር ሣር ይጥላል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ለመብራት የሚሸጠው ትንሽ የፀሐይ ፓነል ሁለት ገመዶቹ ከአምፔር መለኪያ ጋር ሲገናኙ፥ የሚነበበው ፍሰት ከሚያርፍበት ብርሃን ጋር ተመጣጣኝ ይሆናል። በ6 ሰዓት ቀን በጠራ ሰማይ ፓነሉ በመጀመሪያ ሜዳ ላይ ተጋድሞ ይነበባል፤ ቀጥሎ በዳሱ ሥር በአምስትና በስድስት ቦታ ተነቦ አማካዩ ይወሰዳል፤ በሣር ዳስ ሥር ብርሃኑ ነጠብጣብ ስለሆነ አንድ ንባብ ያታልላል። ሜዳው 300፥ ዳሱ 150 ሚሊ አምፔር ካሳየ ግማሹ አልፏል ማለት ነው፤ ለግንቦት መደብ ጥሩ መነሻ ነው። ሊዛመት 10 ቀን ሲቀረው ከሣሩ በየሁለት ቀኑ እያነሡ፥ ውሃውንም እየቀነሱ፥ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ሁለቱ ንባቦች እኩል እንዲሆኑ ማድረግ ነው። ሣሩም የሚነሣው ወደ ማታ፥ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ነው።