ከአገር ርቆ የሚማር ሙስሊም ልጅ



ዛሬ የምንነጋገረው ውጭ አገር ሄደው ስለሚማሩ ሙስሊም ልጆች ነው። ወላጅ ልጁን ሲሸኝ ትምህርቱ እንዲሰምርለት ይመኛል፤ ዲኑ እንዳይላላበትም ይሰጋል።

ዱሮ ዲን ለመማር ወደ ካይሮ ወደ አልአዝሃር የሚሻገሩ የአገራችን ደረሶች ነበሩ። እዚያ በጀበርቲ ስም የሚጠራ የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው። አዛኑ ይሰማል፤ ሥጋው ሐላል ነው፤ ረመዳን ሲገባ ከተማው ይጾማል። ዛሬ ግን ብዙው ልጅ ለሌላ ትምህርት ወደ ሌላ አገር ይሄዳል።

ስዊድንን እንውሰድ። ይህ አገር ከእኛ ወደ ሰሜን በጣም ይርቃል። ምድር ዘንበል ብላ ስለምትዞር፣ እዚያ ቀኑ በሰኔ እጅግ ይረዝማል፣ በታኅሣሥ እጅግ ያጥራል። እኛ ዘንድ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ግድም ነው። በዋና ከተማው በስቶክሆልም ግን በሰኔ ፀሐይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ግድም ወጥታ ከምሽቱ 4 ሰዓት ትገባለች። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. የረመዳን አብዛኛው ቀን ሰኔ ላይ ዋለ። ልጁ ከ18 ሰዓት በላይ ጾሞ፣ አፍጥሮ፣ ሰግዶ፣ ሱሁር በልቶ ጎኑን ሳያሳርፍ ይነጋበታል። በሰሜኑ ክፍል፣ በኪሩና፣ ደግሞ በሰኔ ፀሐይ ጭራሹን አትገባም። ታዲያ መቼ ሊያፈጥር ነው? አንዳንድ ዑለማዎች የመካን ሰዓት ተከተሉ አሉ፤ ሌሎች ፀሐይ በምትገባበት ቅርብ ከተማ ሰዓት ጹሙ አሉ። ልጁ የሚጠይቀው ዐዋቂ ያስፈልገዋል።

ሥጋውስ? በአገራችን ሠርግ ቤት የእስላሙና የክርስቲያኑ ለየብቻ ይታረዳል፤ እንግዳው አፍ አውጥቶ መጠየቅ የለበትም። በስዊድን ግን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1937 በወጣ ሕግ ከብት በመሣሪያ ሳይደነዝዝ እንዳይታረድ ተከልክሏል። ስለዚህ አንዳንዱ ሙስሊም የዚያን አገር ሥጋ ይተዋል፤ አንዳንዱ፣ ከብቱ ሳይሞት በቢስሚላህ ከታረደ፣ ይበላል። ይበልጥ የሚያታልለው ግን ጣፋጩ ነው። በአንዳንድ ከረሜላ ውስጥ የሚገባው ጄላቲን የሚባል ነገር ብዙ ጊዜ ከአሳማ ቆዳና አጥንት ይሠራል። ይህም የሚታወቀው በማሸጊያው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን በማንበብ ነው። (ማንበብ ለዲንም እንደሚያገለግል እዚህ ላይ ልብ በሉልን።)

ዓርብ የጁምዓ ሶላትና የክፍል ሰዓት ይጋጫሉ፤ አስቀድሞ ለመምህሩ የተናገረ ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ መላ ያገኛል።

በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደው ብቻን ማፍጠር ነው። እኛ ዘንድ ማፍጠሪያ ሲደርስ ሾርባው አለ፣ ሳምቡሳው አለ፣ ጎረቤት አለ። እዚያ ልጁ ክፍሉን ዘግቶ በአንድ ቴምር ያፈጥራል። ስለዚህ ስልክ ስትደውሉ «ጾመሃል ወይ?» ብሎ መቆጣጠሩ ብቻ አይበቃም፤ «ከማን ጋር አፈጠርክ?» በሉት። ብቻውን ከሆነ መስጊድ እንዲፈልግ ምከሩት። በስቶክሆልም ቀድሞ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ በነበረ ሕንፃ ውስጥ በፈረንጆች 2000 የተከፈተ ትልቅ መስጊድ አለ።

ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ፣ በ2022 ዓ.ም. በታኅሣሥ መጨረሻ ይገባል። ያን ጊዜ ስቶክሆልም ያለው ልጅ በዚያው አገር ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም ያፈጥራል፤ እኛ ዘንድ ከብቱ ገና ከመስክ ሳይገባ።