ሽቦን ከረዥም ዛፍ ላይ ስለ መስቀል
(ዳንግላ አጠገብ ለማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ሬዲዮ ነው። ስለ ሬዲዮው ሣጥን ግን ብዙ አልናገርም፤ ሣጥኑን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የምናገረው ስለ ሽቦው ነው። ይህ ሽቦ አንቴና ይባላል። አንቴና ማለት በአየር የሚመጣውን ሞገድ ተቀብሎ ወደ ሬዲዮው የሚያደርስ፣ ወይም ከሬዲዮው ተቀብሎ ወደ አየር የሚለቅ ሽቦ ማለት ነው። ሽቦው ከፍ ብሎ ካልተሰቀለ ሬዲዮው ምን ውድ ቢሆን ከመንሾሻሾት በቀር ፋይዳ የለውም።

ከጥፋቴ ልጀምር፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁና ብደብቀውም አይደበቅ። ወደዚህ ተመድቤ በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከፊደል ትምህርት በኋላ የምናዳምጠው ሬዲዮ አልሰማ አለ። እኔ ደግሞ የኤሌክትሪክ ተማሪ ነኝ፤ መላው በእጄ ነው ብዬ ሃያ ሜትር ሽቦ አወጣሁ። ከጓሮ ያለውን ረዥም ባሕር ዛፍ አሳየሁና «ማን ይወጣል?» አልሁ። አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሽቦውን ወገቡ ላይ አስሮ እንደ ጦጣ ወጣ። ከቆርቆሮው ክዳን በላይ ሲደርስ የረገጠው ቅርንጫፍ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ልጁ ወደቀ፤ ክንዱ ተሰበረ። በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ዳንግላ ስንሄድ እናቱ ከኋላዬ እየመጡ «ልጄን ለሽቦ ነው ያወጣኸው?» አሉኝ። እስከ ከተማው ድረስ መልስ አላገኘሁም።

የባሕር ዛፍ ነገር እንዲህ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ ይመስላል። የታችኛው ቅርንጫፉ ግን ፀሐይ ስለማያገኝ እላዩ ላይ እንዳለ ይደርቃል። እንጨት ለቃሚ ሴቶች ይህን ያውቃሉ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አላወቅሁትም።

ከዚያ በኋላ ቀፎ የሚሰቅሉ አንድ አባት ጠሩኝ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ እኛ ለማር ስንወጣ እንኳ ዛፉን አይተን፣ ጠፍር ይዘን ነው። ለሽቦ ደግሞ ሰው ምን ያወጣዋል? ወንጭፍ የለም ወይ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ማማ ላይ ቆሞ ከዳጉሳው ወፍ፣ ከበቆሎው ዝንጀሮ የሚያባርር ልጅ ባለበት አገር ሰው ዛፍ ላይ ማውጣት ምን አመጣው? በውጭ አገር ያሉ የሬዲዮ አማተሮችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የላስቲክ ወንጭፍ ወይም ቀስት ይዘው ቀጭን ክር በቅርንጫፍ ላይ ያሳልፋሉ።

አማተር ማለት ለገንዘብ ሳይሆን ለዕውቀትና ለፍቅር ብሎ ሬዲዮ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። በአገራችንም አሉ። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ባሉበት ግቢ የክበባቸው ጣቢያ ይገኛል፤ መጠሪያው ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ነው። ኢ ቲ የሚሉት ፊደላት የኢትዮጵያ ናቸው፤ በአውሮፕላኖቻችን አካል ላይም ተጽፈው ታዩአቸዋላችሁ። ሽቦ ሰቅሎ ባሕር ማዶ ካለ ሰው ጋር መነጋገር እንደሚቻል እኔም መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። ሬዲዮ ለማዳመጥ ሽቦ መስቀል ለማንም ይቻላል። የሚናገር ሬዲዮ ግን ከመንግሥት ፈቃድ ውጭ አይነካም፤ ይህን አደራ እላለሁ።

አሁን ወደ ወንጭፉ ልመለስ። መጀመሪያ ድንጋይ አትወርውሩ። እኛ በድንጋይ ሞክረን የጎረቤት ቆርቆሮ በሳን፤ ከሥር ሰው ቢኖርስ? ከድንጋይ ይልቅ አሸዋ የሞላ፣ ጡጫ የሚያህል የጨርቅ ከረጢት ስፉ። ጨርቁ ቀይ ቢሆን ቅጠል ውስጥ ቶሎ ይታያል። ከረጢቱ ላይ ዓሣ የሚጠመድበትን ዓይነት የናይሎን ክር እሰሩ። ክሩ መሬት ላይ ከተተወ ሣርና እሾህ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰፌድ ላይ ዘርጋ ዘርጋ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ወንጭፉን እንደ ወፍ ጥበቃ ሦስት አራት ጊዜ አታሽከርክሩት፤ ክሩ ወርዋሪው አንገት ላይ ይጠመጠማል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከታች ወደ ላይ። እኔ ይህን ለመልመድ ሁለት ቀን ፈጀሁ፤ የዚህ አገር ልጆች ግን በሦስተኛው ውርወራ አሳለፉት።

ከረጢቱ ቅርንጫፉን አልፎ በወዲያኛው በኩል ሲወርድ ፈታችሁ በእሱ ፈንታ ሲባጎ እሰሩ። ወደ ኋላ ስትስቡ ክሩ ሲባጎውን ያወጣል። ሲባጎው ደግሞ ጠንካራውን ገመድ ያወጣል። ሽቦው የሚወጣው በገመዱ ነው። «ሽቦውን በቀጭኑ ክር ባወጣውስ?» የሚል ቸኳይ አይጠፋም፤ እኔም ብዬ ነበር። ክሩ ተበጥሶ ሽቦው እላይ ቀረ፤ እስከ ዛሬም እዚያው አለ። ቋጠሮውም ጉብ ያለ ከሆነ የቅርንጫፍ መንታ ላይ ይሰነቀራል፤ በፕላስተር ጠቅልላችሁ አለስልሱት።

ሽቦው ራሱ ዛፉን መንካት የለበትም። እርጥብ ዛፍ ሞገዱን ያባክናል። በገመዱና በሽቦው መካከል የተቀደደ ጀሪካን ቁራጭ ሁለት ቦታ በስታችሁ አግቡ፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የሽቦውን የታችኛውን ጫፍ ልጣችሁ በሬዲዮው ዘንግ ላይ መጠምጠም ነው፤ ለአድማጭ ይህ ይበቃዋል። ለማዳመጥ አሥራ አምስትም ሃያም ሜትር ቢሆን ግድ የለም።

ለሚናገር ሬዲዮ ግን ርዝመቱ በሒሳብ ነው። ማካፈል ለደረሳችሁ ይህችን ልስጣችሁ፦ 143ን በሞገዱ ሜጋኸርዝ አካፍሉ፤ የምታገኙት የሽቦው ርዝመት ነው በሜትር። ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር ከ14 ሳንቲሜትር ገደማ ይመጣል። መካከሉ ላይ ተቆርጦ ግራና ቀኝ አሥር አሥር ሜትር፣ በእኛ ልክ ሃያ ሃያ ክንድ ያህል መሆኑ ነው።

አሁን ዋናው ችግር ነፋስ ነው። የመጀመሪያውን ሽቦ በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል እንደ ክራር ወጥሬ አሰርሁት። የዚያኑ ሌሊት ነፋስ መጣ፤ አንዱ ዛፍ ወዲህ ሌላው ወዲያ ሲሉ ሽቦው ተበጠሰ። መድኃኒቱን ያገኘነው ኋላ ነው። የአንዱን ወገን ገመድ አታሰሩት፤ ጫፉ ላይ አምስት ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን አንጠልጥሉ። ዛፉ ሲወዛወዝ ጀሪካኑ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ሽቦው አይበጠስም።

ዛፍ መምረጥም ዕውቀት ይጠይቃል። ባሕር ዛፍ ቁመት አለው፤ ግን ይወዛወዛል። ወርካ አይነቃነቅም፤ ግን ቅርንጫፉ ሰፊ ስለሆነ ከረጢቱ መሐሉ ይቀራል። ዝግባና ጽድ እጅግ ጥሩ ናቸው፤ አብዛኛው ያለው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ስለሆነ ካህናቱን ሳያስፈቅዱ ማንም አይንካው፤ ሚስማርም አይመታበትም። በፋግታ በኩል ብዙ የተተከለውን ዲከረንስ ግን ተዉት፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ አንቴናችሁን ይዞ ጆንያ ይገባል።

«ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ብሎ አንድ ወንድም ጠይቆኛል። ጥያቄው ደግ ነው። ስልክ የሚሠራው የስልኩ ማማ ሲሠራ ነው። መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲሄድ ስልኩ ባትሪ ሆኖ ይቀራል። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ግን በመካከል ማማ አይፈልግም፤ ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከመቶ ኪሎሜትር በላይ ካለው የአየር ንብርብር ተንጸባርቆ ይመለሳል። በ1932 ዓ.ም. ነሐሴ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን ወደ ጎጃም ሲገባ፣ ዳንግላ የጣሊያን ጦር ሰፍሮባት ነበር። እሱና አርበኞቹ በተራራው ላይ ሆነው ከካርቱም ጋር የሚገናኙት በሬዲዮ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሬዲዮ ደግሞ ረዥም ሽቦ ሳይዘረጋለት አይናገርም። ከዚያም በፊት በ1894 ዓ.ም. ማርኮኒ የሚባለው ጣሊያናዊ የአትላንቲክን ውቅያኖስ አቋርጦ የመጣ ምልክት ሰማሁ ሲል፣ ሽቦውን ከፍ ያደረገለት በነፋስ የሚበር የጨርቅ ካይት ነበር። ዛፍ አልነበረውም መሰለኝ።

አሁን የምናገረውን አደራ ልብ በሉ። የመብራት መስመር ባለበት አጠገብ ክር አይወረወር። ሽቦው ቢበጠስ ወይም ዛፉ ቢወድቅ መስመሩን የማይነካበት ርቀት መሆኑን አስቀድማችሁ እዩ። እርጥብ ክርም ቢሆን ይገድላል። ሁለተኛው መብረቅ ነው። የዚህን አገር ክረምት እናንተ ታውቁታላችሁ። ደመናው ሳይጠቁር፣ ነጎድጓዱ ገና ከሩቅ ሳለ ሽቦውን ከሬዲዮው ፈታችሁ ከቤት ውጭ ጣሉት። ነጎድጓዱ ከቀረበ ግን ተዉት፤ አትንኩት። ሬዲዮ ይተካል።

ልጁ ድኗል፤ ክንዱ ቀጥ ብሏል። ባለፈው ቅዳሜ ወንጭፉን የያዘው እሱ ነው፤ እናቱን አስፈቅጄ ነው። እሳቸውም ቆመው አዩ። ሽቦው ወጥቶ ሬዲዮው ሲናገር ምንም አላሉም፤ ወደ ልጁ ሄደው ክንዱን ዳበስ አደረጉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይኸን መጀመሪያ አታደርገውም ነበር?» አሉኝ።

ነገ ከሰዓት በኋላ በወዲያኛው ሰፈር ሁለተኛውን እንሰቅላለን። ሲባጎ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ሰፌድም አንድ ያስፈልገናል። ሕፃናት ከዛፉ ሥር አይቁሙ።