ለልጆቻችን የግል ትምህርት ቤት ስንመርጥ
(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ክረምቱ ሲገባ የብዙዎቻችን ቤት ወሬ አንድ ይሆናል፤ «ልጁን የት እናስገባው?» አባት ክፍያውን ያሰላል፤ እናት ጎረቤት ትጠይቃለች፤ ልጁ ደግሞ ጓደኛው የገባበትን ብቻ ይፈልጋል። በዛሬው ዝግጅታችን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞቻችን ስላለው የግል ትምህርት ቤት ምርጫ አላህ ቢፈቅድ ጥቂት እንነጋገራለን።

ከራሳችን እንጀምር። የመጀመሪያ ልጃችንን ስናስመዘግብ እኛም ያየነው ሰሌዳውን ነበር። «ዓለም አቀፍ» ይላል፤ ግቢው ንጹሕ ነው፤ ሕፃናቱ በእንግሊዝኛ ሲዘምሩ ሰምተን «ማሻአላህ» ብለን ከፈልን። ያላየነው ሰዓቱን ነበር። ልጃችን ጠዋት 12፡15 ላይ ሰርቪስ ትጠብቃለች፤ ማታ 11 ሰዓት አልፎ ትመለሳለች፤ ከዚያ የቤት ሥራ አለ። ከዐስር በኋላ ትሄድበት የነበረው መድረሳ «ለጊዜው» ተባለና በዚያው ቀረ። እኛም ክፍያውን ለመሙላት ቅዳሜና እሁድን ጨምረን መሥራት ያዝን። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አያቷ ዘንድ ሄደን የምታውቃቸውን አጫጭር ሱራዎች እንድትቀራላቸው ጠየቋት። ሱረቱል ፊልን ጀምራ መሐል ላይ አቆመች፤ እጇንም አፏ ላይ አደረገች። አያቷ ምንም አልተናገሩም፤ ወደ እኛ ግን አዩ።

ትምህርት ቤቱ አልዋሸንም። እንግሊዝኛ አስተምራለሁ አለ፤ አስተማረም። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ከልጃችን ቀን ውስጥ ምን ያህሉን ትምህርት ቤቱና መንገዱ እንደሚወስዱት፣ ምን ያህሉ ለቤትና ለቁርኣን እንደሚቀር አልቆጠርንም። ስለ ልጆቻችን ተጠያቂዎች መሆናችንን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት እናውቃለን። ያንን ኃላፊነት ግን ከክፍያው ጋር ለትምህርት ቤቱ ያስረከብን ይመስለናል።

በተቃራኒውም የሚሳሳቱ አሉ። ባለቤቱ ሙስሊም ነው፣ ስሙም የዐረብኛ ነው ብለን ዐይናችንን ጨፍነን የምናስገባ ጥቂቶች አይደለንም። አንድ ወዳጃችን በዚህ መልክ ልጁን አስገብቶ የፊዚክስ መምህሩ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ተቀያየረበት። «ከዘበኛው እስከ ርእሰ መምህሩ በሰላምታ ይቀበሉናል፤ ልጁ ግን አልተማረም» ይለናል። ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በሚያምኑበት ሃይማኖትና ሥነ ምግባር ኮትኩተው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይገልጻል። እንግዲህ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ልጁን ዲኑን የሚያስተምሩት በዋናነት ቤትና መድረሳ ናቸው። ሙስሊም ባለበት ትምህርት ቤት ሒጃቧና ጾሟ አያነጋግርም፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን የሒሳብ መምህሩን ጉድለት አይሸፍንም። የመጀመሪያው የወሕይ ቃል የንባብ ትእዛዝ መሆኑን የምናውቅ ሰዎች በደካማ ትምህርት ልንረካ አይገባም።

ስለ ትምህርቱ ጥራት ምን እንጠይቅ? ኩረጃን ለመከላከል ሲባል የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም ቁጥሩ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። በአጥር ላይ የአንድ ጎበዝ ተማሪ ፎቶግራፍ ስለተሰቀለ አንታለል። ስንት ተፈተኑ፣ ስንትስ አለፉ ብለን እንጠይቅ፤ የ6ኛና የ8ኛ ክፍሉንም ጭምር። ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ተመዝነው ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ደረጃውን ጠይቆ ማወቅ ነውር የለውም። ከሁሉም በላይ ግን እዚያ የሚማር የጎረቤት ልጅ ደብተር እንዲያሳየን እንለምነው። መምህሩ ስሕተቱን አርሞለታል ወይስ በየገጹ ግርጌ የራይት ምልክት ብቻ አድርጎ አልፎታል? አንድ ደብተር ከአንድ ሰዓት ገለጻ የበለጠ ይናገራል። ልጁ በእንግሊዝኛ ስለዘመረ ብቻም አንደሰት። አንድ ገጽ አማርኛ አንብቦ የገባውን በራሱ ቃል ከነገረን ያ ልጅ ተምሯል።

አሁን ወደ ሶላቱ እንምጣ። በአዲስ አበባ ዙህር እንደ ወቅቱ ከ6፡10 እስከ 6፡40 ባለው ጊዜ ይገባል፤ ዐስር ደግሞ ከ9፡30 እስከ 10 ሰዓት ገደማ። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ከሆነና ልጁ በጊዜ ከተለቀቀ፣ ወይም ለምሳ ቤቱ ከመጣ፣ ዙህርን ሳያሳልፍ ይሰግዳል። በሰርቪስ ከተማዋን ዞሮ 11 ሰዓት የሚደርስ ልጅ ግን በየቀኑ ያመልጠዋል። ርቀት የነዳጅና የድካም ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የተረዳነው ዘግይተን ነው። ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ5፡30 እስከ 7፡30 ለምሳ ይወጣሉ። ትምህርት ቤቱስ ለደረሱ ልጆች በጁሙዓ ሰዓት ምን ያደርጋል? መጸዳጃ ቤቱንም ገብተን እንየው። ውሃ የሌለበት መጸዳጃ ለጤናም ለጠሃራም አይሆንም። የሒጃብን ነገር ከመክፈላችን በፊት በግልጽ እንጠይቅ። በ2017 ዓ.ም በአክሱም ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ሲታገዱ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ በዚህ መሐል ግን የተማሪዎቹ ጊዜ አልፏል። ስለዚህ «ኋላ እንነጋገራለን» አንበል። ጥያቄያችን በትሕትና ይሁን። ሙስሊም ያልሆኑ ብዙ ርእሳነ መምህራን በአክብሮት ሲጠየቁ በአክብሮት ይመልሳሉ፤ አይተናል።

የምሳ ዕቃው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ በየቤታችን ግን ስንት ጊዜ አስለቅሷል። በሀገራችን ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤታሞች ለድግስ ሲጠራሩ ሥጋው ለየብቻ ታርዶ ለየብቻ እንደሚሰናዳ ትልልቆቹ እናውቃለን፤ ማንም አይቀየምም። የ6 ዓመት ልጅ ግን ይህን ከየት ያውቃል? ጓደኛው ሲያጎርሰው ይበላል፤ ወይም ፈርቶ የራሱንም ሳይበላ ይመልሰዋል። «ርኩስ ነው» ብለን ካስተማርነው ነገ ጓደኛውን ያስቀይማል፤ አደብም አይደለም። «እናመሰግናለን፤ እኛ ቤት ሥጋው ለብቻ ነው» ማለትን እናለማምደው። በምሳ ሰዓት መምህርት አብራቸው ትቀመጥ እንደሆነም እንጠይቅ። በእኛ ቤት አብዛኛውን ቀን የምንቋጥርላት ሽሮ ነው፤ ሽሮ ማንንም አያጣላም።

በመጨረሻ ገንዘቡ። የወሩን ክፍያ ብቻ ሰምተን መወሰን የለብንም፤ የመመዝገቢያ፣ የመጽሐፍ፣ የዩኒፎርም፣ የሰርቪስ፣ የበዓል መዋጮ አለ። ሁሉንም በዓመት አስልተን ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ልጅም እንደምር። ለአንዱ ውድ ትምህርት ቤት ከፍለን ታናናሾቹን ብናጓድል ፍትሕ አይሆንም። ለትምህርት ቤት ብለው ወለድ ውስጥ የገቡ ወንድሞችም አሉ፤ አላህ ያውጣቸው። አባት ክፍያውን ለመሙላት ከመግሪብ በኋላ ቤቱ የማይገኝ ከሆነ፣ ልጁ እንግሊዝኛ አገኘ እንጂ አባቱን አጥቷል። አቅሙ ካልፈቀደ የመንግሥት ትምህርት ቤትም ትምህርት ቤት ነው። የቀረውን ገንዘብ ለጥሩ ኡስታዝና ለማጠናከሪያ ትምህርት ማዋል ይቻላል።

እኛ በማግስቱ ዓመት ልጃችንን ከቤታችን የ10 ደቂቃ የእግር መንገድ ወዳለ ትንሽ ትምህርት ቤት አዛወርናት። ባለቤቱ ሙስሊም አይደለም። ቤተ ሙከራው ደካማ ነው፤ እንግሊዝኛዋም እንደ ቀድሞው አልፈጠነም፤ ይህን አንደብቅም። መምህራኑ ግን ከዓመት ዓመት አይለዋወጡም፤ ደብተሯ ይታረማል። በጊዜ ወጥታ ዙህርን ቤት ትሰግዳለች፤ ከዐስር በኋላም መድረሳ ትሄዳለች። የቅዳሜውንና የእሁዱን ሥራ ትተናል። እሁድ እሁድ አያቷ ዘንድ እንሄዳለን፤ ሱረቱል ፊልን እንደ አዲስ እየያዘች ነው።

ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት ልጃችሁን ይዛችሁ በመውጫ ሰዓት በሩ ላይ ቁሙና የሚወጡትን ልጆች ተመልከቱ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ መድረሳ ምርጫ እንመለሳለን፤ ኢንሻአላህ።